መጀመሪያ መዶሻ፣ ቀጥሎ ዘንግ፣ ድሮኑ ይቆይ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከተመረቅኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የምሠራው የመንገድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሰሞኑን አርባ ገደማ ድልድዮችን ፈትሽ ተብዬ ተመድቤያለሁ። ያለኝ ካሜራና ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ በጀት አለ፤ አለቃዬ ድሮን እንግዛበት ይላል። እኔ ደግሞ አሜሪካኖች ድልድይ ላይ ቆሞ ክንዱን ወደ ሥር የሚዘረጋ ትልቅ መኪና ሲጠቀሙ በቪዲዮ አይቻለሁ። ያ ማሽን ከሌለ ፍተሻው ፍተሻ ይባላል? ምን እንግዛ? ደግሞ ከድልድዮቹ አንዱ ላይ የእጅ መደገፊያው መሃል ላይ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። ባልደረቦቼ ‹አሮጌ ስለሆነ ነው› ብለው አለፉት። ችግር ይኖረው ይሆን?»

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄህ ናት ልቤን ያስደነገጠችው። ግን መሣሪያውን ሳንነጋገር ስለ እሷ ባወራ ግማሹ አይገባህም። ስለዚህ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

እኔ አገር ቤት መንገድ ሥራ ላይ ጥቂት ዓመት ቆይቼ ነው አሜሪካ የመጣሁት። እዚህ 15 ዓመት ያህል እንጀራዬ ድልድይ መፈተሽ ነው። ባለቤቴ ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ድልድይ ሥር ነው የሚውለው» ትላለች። ሰው ደንገጥ ብሎ ያየኛል።

በጀትህን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። መጀመሪያ መዶሻ ግዛ። ቀጥሎ ጥሩ መሰላል። ከዚያ የውሃ ቦት ጫማና የሕይወት አድን ጃኬት። ድሮኑ ይቆይ። ያየኸው ማሽን ደግሞ የራሱ ቦታ አለው፤ ካሉህ አርባ ድልድዮች ውስጥ የሚያስፈልገው ምናልባት ለአንድ ወይ ለሁለት ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርህ። ኦሃዮ ወንዝ ላይ፣ ዌስት ቨርጂኒያንና ኦሃዮን የሚያገናኝ ሲልቨር ብሪጅ የሚባል ድልድይ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ተሠራ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. አመሻሹ ላይ፣ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚገባበት ሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ ወንዙ ውስጥ ገባ። 46 ሰው ሞተ። ድልድዩ የተንጠለጠለው በሽቦ ገመድ አልነበረም። ጫፋቸው ላይ እንደ መርፌ ዓይን ቀዳዳ ባላቸው ረጃጅም ብረቶች ነበር፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው። ከእነዚህ ብረቶች በአንዱ ቀዳዳ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላት ስንጥቅ ነበረች። ያቺ ብረት ተበጠሰች። አጋሯ ብቻዋን መሸከም አልቻለችም። የቀረው ደቂቃ አልፈጀም።

አሜሪካ ለድልድይ ፍተሻ አገር አቀፍ ደንብ ያወጣችው ከዚህ በኋላ ነው፤ በ1971 እ.ኤ.አ.። አብዛኛው ድልድይ በ24 ወር አንዴ ይፈተሻል። ከዜሮ እስከ 9 ነጥብ ይሰጠዋል። 4 እና ከዚያ በታች ያገኘ «ደካማ» ይባላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ብረት ቢበጠስ ድልድዩን ይዞት የሚሄድ ከሆነ፣ ያንን ብረት በክንድ ርቀት ቀርበህ ካላየኸው አየሁ ማለት አትችልም። በእጅህ መንካት መቻል አለብህ። ከሩቅ በመነጽር፣ ከመንገድ ዳር በካሜራ የሚባል ነገር የለም።

እውነቱን ለመናገር ግን የሲልቨር ብሪጅን ስንጥቅ በክንድ ርቀት ቆሞም ማንም አያያትም ነበር። መገጣጠሚያው ካልተፈታ አትታይም። ስለዚህ ከቢሮ ከመውጣትህ በፊት ስዕሉን አውጥተህ እይ። የትኛው አካል ቢሰበር የሚያግዘው ሌላ አለ? የትኛው ብቻውን ነው? ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወደ መዶሻው ልመለስ። ግማሽ ኪሎ የምትሆን ተራ የግንበኛ መዶሻ ትበቃለች። እናቶቻችን ገበያ ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው ኳ አድርገው እንደሚያዳምጡት ነው። ጤነኛ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ መዶሻውም ወደ ላይ ነጠር ይላል። ውስጡ የተላቀቀ ኮንክሪት «ዱብ» ይላል፣ ባዶ ጆንያ እንደመታህ። አንዴ ልዩነቱን ከሰማኸው ጆሮህ አይረሳውም።

እዚህ በጀመርኩ ሰሞን ከአንድ ሽማግሌ ፈታሽ ጋር ተመድቤ ነበር። አንድ ምሰሶ አናት ላይ ያለውን አግዳሚ ኮንክሪት አየሁትና «ንጹህ» ብዬ ጻፍኩ። እውነትም ንጹህ ይመስል ነበር፤ ስንጥቅ የለው፣ እድፍ የለው። ሽማግሌው ምንም አላለኝም። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ከግራ ወደ ቀኝ ማንኳኳት ጀመረ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ዱብ። ቆመ። በጠመኔ ነጥብ አደረገ። እንዲህ እያለ ነጥቦቹን ሲያገናኛቸው የመኝታ ቤት በር የሚያህል ቦታ ተከበበ። ከዚያ የመዶሻውን ጅራት በጠርዙ በኩል አስገብቶ ገፋ ሲያደርገው ሰሃን የሚያህል ቁራጭ ወደቀ። ሥሩ ያለው ፌሮ እንደ ደረቀ ቅጠል እየተላጠ ነበር። ከላይ ያለው ጆይንት፣ ማለትም የድልድዩ ወለል ክፍሎች የሚገናኙበት ክፍተት፣ ውሃ እያሳለፈ ነበር ማለት ነው። ያንን ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም፤ «ንጹህ» የሚለው በእጄ ጽሑፍ ተሰርዞ።

የድልድዩን ወለል ለመፈተሽ ደግሞ ከባድ ሰንሰለት መሬት ለመሬት ጎትት። ድምፁ በተቀየረበት ቦታ አስፋልቱ ወይ ኮንክሪቱ ተላቅቋል። መሣሪያው ይህ ነው፤ እዚህም በየቀኑ የምንሠራበት ነው።

ከመዶሻው ጋር የሽቦ ብሩሽ፣ ጠመኔ፣ ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ካሊፐር (የብረት ውፍረት መለኪያ) እና የስንጥቅ ስፋት መለኪያ ካርድ ያዝ። ካርዷ የተለያየ ውፍረት ያላቸው መስመሮች የታተሙባት ፕላስቲክ ናት። ስንጥቁ ላይ አስጠግተህ ታመሳስላለህ። ተራ የፌሮ ኮንክሪት ከሆነ 0.3 ሚሊ ሜትር ላይ ጠንቀቅ በል። ቅድመ ውጥረት ያለው ጊርደር (ውስጡ ያለው ብረት አስቀድሞ የተወጠረ ዋና ተሸካሚ አግዳሚ) ከሆነ ግን ከዚያ የቀጠነውም ያሳስባል። ብረት ድልድይ ከሆነ ዝገቱን በብሩሽ ሳታራግፍ ውፍረት አትለካ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛልና ብረቱ ወፍሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወንዙ።

ሰው ድልድይ ሲባል ከባድ መኪና፣ ዝገት፣ እርጅና ነው የሚታየው። አሜሪካ ውስጥ ድልድይ በመጣል አንደኛው ግን ውሃ ነው። ጎርፍ የምሰሶውን ሥር ይበላል፤ ምሰሶው መቆሚያ ያጣል። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ስኮሃሪ ክሪክ ላይ የነበረው የፈጣን መንገድ ድልድይ ሚያዝያ 5 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. የወደቀው እንደዚህ ነው። 10 ሰው ሞተ። የምሰሶዎቹ መሠረት ጥልቅ አልነበረም፤ ዙሪያውን ድንጋይ ተከምሮለት ነበር። ድንጋዩን ጎርፉ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲወስደው መልሶ የከመረ ሰው አልነበረም። ችግሩ ከውሃው ሥር ስለነበር ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም።

አገር ቤት ይህ እጥፍ ነው። የእኛ ወንዝ በጋ ላይ እረኛ በድንጋይ እየተረማመደ ይሻገረዋል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ግንድና ቋጥኝ ተሸክሞ ይመጣል። ግንዱ ምሰሶ ላይ ሲጠላለፍ ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ታች ይቆፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ፤ እባክህ ልብ በለው። ጉድጓዱ በጣም የሚጠልቀው ጎርፉ በበረታበት ሰዓት ነው። ውሃው ሲቀንስ ይዞት የመጣው አሸዋና ደለል ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። ጥቅምት ላይ ሄደህ ስታይ ሜዳ ነው። «መሠረቱ ተሸፍኗል» ብለህ ትጽፋለህ። በሚቀጥለው ሐምሌ ያ ደለል በመጀመሪያዋ ሰዓት ይጠረጋል።

መድኃኒቱ ዘንግ ነው። ሦስት ሜትር የሚሆን ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ውሰድ። ጫፉን አሹለው። ከታች ጀምረህ በየ10 ሴንቲው በቀይና በነጭ ቀለም አስቀባው። ማንኛውም ብረት ቤት በግማሽ ሰዓት ይጨርስልሃል። ከዚያ በምሰሶው ዙሪያ እየዞርክ ውጋ። የወንዙ ተፈጥሯዊ አልጋ ጠጠርና ድንጋይ ከሆነ ዘንጉ «ገጭ» ብሎ ይቆማል። አዲስ ደለል ከሆነ ግን ቂቤ ውስጥ እንደገባ ቢላዋ ይወርዳል። አንድ ሜትር ተኩል ከወረደ፣ ያለፈው ክረምት እዚያ አንድ ሜትር ተኩል ጉድጓድ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ስዕሉ ላይ መሠረቱ ስንት ሜትር ላይ እንደተቀመጠ ታያለህ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ነው የድልድዩ ዕድሜ። የመሠረቱን የታችኛውን ጠርዝ በዘንግህ ነክተህ ዘንጉ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሌላ ፍተሻ አያስፈልግህም። መንገዱን ዝጋና ስልክ ደውል።

ውሃው ጥልቅ ከሆነ አትግባ። አምስት ኪሎ ብረት በገመድ አስረህ ገመዱ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ምልክት አድርግ። ከድልድዩ ላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ በየሁለት ሜትሩ እያወረድክ ጥልቀቱን ጻፍ። በወረቀት ላይ ስታገናኘው የወንዙ አልጋ ቅርጽ ይወጣል። ብቻውን ብዙ አይናገርም። የዘንድሮውን ከአምናው ላይ ስትደርበው ግን ወንዙ ወዴት እየቆፈረ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ጀምር፤ ነጥቦቹን መደገፊያው ላይ በቀለም ምልክት አድርግባቸው። እዚህ ጠላቂዎች አሉ፣ በድምፅ ሞገድ የውሃውን ሥር የሚያሳይ ሶናር አለ። ጠላቂ የሚያስፈልገው ምሰሶ ቢያንስ በ60 ወር አንዴ ይታያል። እኔ ግን ዘንጌን ሳልይዝ ለሥራ ወጥቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ባይገባም። በአካባቢው ያሉትን እረኞችና አርሶ አደሮች ጠይቅ። «አምና ውሃው የት ደረሰ?» በላቸው። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን ገለባ ያሳዩሃል። «ድሮ ወንዙ በዚያ በኩል ነበር» የሚልህ አባት ካገኘህ የአንድ ወር ጥናት አገኘህ።

ያ ትልቁ መኪና ምን ይሠራል? እኛ ስኑፐር እንለዋለን። የመብራት ኃይል ሠራተኞች ምሰሶ ላይ የሚወጡበትን ባልዲ አስብ። ያኛው ወደ ላይ ነው፤ ይኸኛው ግን ድልድዩ ዳር ቆሞ ክንዱን በመደገፊያው ላይ አሻግሮ፣ ወደ ታች አውርዶ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። አንተ ባልዲው ውስጥ ሆነህ የጊርደሩ ሆድ ሥር ትደርሳለህ። ድንቅ ነው። ከረጃጅሞቹ አንዳንዶቹ ከድልድዩ ሥር 18 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባሉ። ግን ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር ነው። ትልልቆቹ 30 ቶን ገደማ ይመዝናሉ። ሲቆም አንድ መስመር ይዘጋል። ጥያቄ ልጠይቅህ፦ መሸከሙን የምትጠራጠረው አሮጌ ድልድይ ላይ 30 ቶን ታቆማለህ?

እንደ ሕዳሴ ድልድይ ላለ ግን ሌላ ምርጫ የለም። ከጎሐ ጽዮን ወርደህ ወደ ደጀን ስትሻገር ያለው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው። እዚያ ሥሩ መሰላል አትተክልም። ወይ ማሽኑ፣ ወይ በገመድ የሚወርዱ የሠለጠኑ ሰዎች። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቅስት ድልድይ ከሆነ ግን መሰላልና መዶሻህ ጌታ ናቸው። እዚያ የምታየው በድንጋዮቹ መሃል ያለው ኖራ ታጥቦ መሄዱን፣ የጎን ግድግዳው ወደ ውጭ መነፋቱንና የሾላ ሥር ስንጥቅ ውስጥ መግባቱን ነው። ሾላን አትናቀው፤ ችግኝ ሆኖ ሲገባ ማንም አያየውም።

ድሮኑን ለምን ይቆይ እንዳልኩህ በአንድ ታሪክ ልዝጋው። ሜምፊስ ከተማ አጠገብ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለው የፈጣን መንገድ ድልድይ ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. በድንገት ተዘጋ። መሐንዲሶች ሊፈትሹ ወጥተው አንድ ዋና የብረት አካል ሊበጠስ የደረሰበት ስንጥቅ አገኙ። ከመደንገጣቸው የተነሳ ለፖሊስ ነው የደወሉት። ድልድዩ ወደ ሦስት ወር ተዘግቶ ቆየ። በኋላ የቆየ ቪዲዮ ሲታይ ስንጥቁ 2019 ላይ ድሮን በቀረጸው ምስል ውስጥ አለ። ድሮኑ አይቶታል፤ ሰው አላየውም። ድሮን ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ቀጥሎ መሰላል የት ልትከል የሚለውን ይነግረኛል። ግን አያንኳኳም፣ ዝገት አይፍቅም፣ ከውሃ በታች አያይም። አለቃህን በዚህ መልኩ አስረዳው።

የላቦራቶሪውን ዕቃ ቶሎ ልለፈው። ሽሚት ሃመር የምትባለው፣ ኮንክሪት ላይ ስትጫናት የጥንካሬውን ግምት በቁጥር የምትሰጥህ መሣሪያ፣ ተማሪ ቤት ሳለን ሁላችንም እንወዳታለን። የቆየ ኮንክሪት ላይ ግን ታታልላለች። ከአየር ጋር ለዓመታት የተገናኘው ቆዳው ይደድርና ቁጥሩን ከፍ ታደርገዋለች። ከዚህ ይልቅ ፌኖልፍታሊን የሚባለውን ቀለም የሚቀይር ኬሚካል ግዛ፤ ርካሽ ነው። አዲስ በተሰበረ ኮንክሪት ላይ ስትረጨው ደህናው ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ፌሮን መከላከል ያቃተው ቀለም አይቀይርም። ቀለም የሌለው ሽፋን ፌሮው ጋ ከደረሰ ዝገቱ ሊጀምር ነው ወይም ጀምሯል። ሌላው ሁሉ፣ አልትራሳውንዱም ራዳሩም፣ መዶሻህ «እዚህ ጋ» ካለህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ደብተር። ይህንን ሰው ይንቀዋል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ነሐሴ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. የወደቀው ድልድይ 13 ሰው ገድሏል። ብረቶቹን የሚያገናኙት ሰሌዳዎች ከጅምሩ በዲዛይን ስህተት ቀጥነው ነበር። አስቀድሞ በ2003 የተነሳ ፎቶ ላይ አንዳንዶቹ ጎብጠው ይታያሉ። ፎቶው ፋይል ውስጥ ነበር። ፒትስበርግ ውስጥ ጥር 2022 እ.ኤ.አ. የወደቀው ደግሞ፣ ደግነቱ ሰው አልሞተበትም፣ ፈታሾች በየጊዜው «የውሃ መውረጃው ተደፍኗል፣ እግሮቹ እየዛጉ ነው» ብለው ጽፈውለት ነበር። የሚሠራ ጠፋ። ስለዚህ አርባውን ድልድይ ዞረህ አንድ ጥራዝ ሪፖርት ከማስረከብ፣ አንድ ገጽ ላይ «በዚህ ወር መሠራት ያለባቸው» ብለህ አምስት ነገር ጻፍ። ከአምስቱ ሦስቱ አካፋ ብቻ የሚጠይቁ ይሆናሉ፦ ቱቦ መጥረግ፣ ግንድ ማንሳት፣ ጆይንት ውስጥ ያለውን አፈር ማውጣት። ፎቶ ስታነሳ ሜትሩን ወይ መዶሻህን አጠገቡ አድርግ፤ አለበለዚያ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ይሁን የጣት ያህል ማንም አያውቅም።

ለራስህም ጥንቃቄ አድርግ። ብቻህን አትሂድ። ከላይ ተራሮቹ ላይ ደመና ካየህ ከወንዙ ውጣ፤ ደራሽ ውሃ አንተ ባለህበት ዝናብ እስኪዘንብ አይጠብቅም። ድልድይ ሥር ከመግባትህ በፊት ቀፎ መኖሩን አዳምጥ። እኔን እዚህ ያሯሯጠኝ ተርብ ነበር፤ አገር ቤት ንብ ነው፣ መሰላል ላይ ሆነህ ሲመጣብህ ቀልድ አይደለም። የርግብ ኩስ ባለበት ደግሞ አፍና አፍንጫህን ሸፍን።

አሁን ወደዚያ መደገፊያ።

ድልድይ ሲያረጅ መደገፊያው ይሰበራል፣ ይላጣል፣ ፌሮው ይወጣል። መሃል ላይ ዝቅ ማለት ግን የእርጅና ምልክት አይደለም። ቦታውን ማወቅ አለብህ። ከድልድዩ አንድ ጫፍ ላይ ቁም። ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከመደገፊያው እኩል አድርግ፤ አንዱን ጨፍነህ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ተመልከት፣ አናጺ ጣውላ ሲያይ እንደሚያደርገው። ዝቅ ያለው በሁለት ምሰሶዎች መሃል ከሆነ ጊርደሩ ጎብጧል፤ ወይም ሲገነባ ጀምሮ እንዲያ ነበር። ሥሩን ገብተህ ስንጥቅ ፈልግ። ዝቅ ያለው በትክክል ምሰሶ ላይ ከሆነ ግን ምሰሶው ሰምጧል።

እዚያው ላይ ያለውን ጆይንት እይ። ከላይ ሰፍቶ ወይም ከላይ ጠቦ፣ በግራና በቀኝ የተለያየ ከሆነ ለካና ጻፍ። ምሰሶው ጎን ላይ ቱንቢ አንጠልጥል። ከዚያ ዘንግህን ይዘህ ውረድ፤ በተለይ ውሃው በሚመጣበት በኩል ባለው የምሰሶው አፍንጫ ውጋ። ዘንጉ በቀላሉ ከወረደ፣ ወይም ከመሠረቱ ሥር ከገባ፣ የማንንም ደብዳቤ ሳትጠብቅ ሲኖትራክ እንዳያልፍ አድርግ፤ ለአለቃህም እዚያው ቆመህ ደውል። መዶሻና ድሮን የሚገዛበት በጀት እስኪፈቀድ መቆየት ይችላል። ለዚህ ግን የሚያስፈልግህ አንድ የፌሮ ዘንግ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ብረት ቤት ሂድ፤ ከሰዓት ወንዙ ጋ ድረስ። ያገኘኸውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ ከስዕሉ ጋር አብረን እናየዋለን።